ሆድ ሲጾም ልብ ምን ይበላል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ በ55 ቀን ዐቢይ ጾም ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውንና እንቁላሉን ትተን በሽሮና በምስር እንሰነብታለን። ሥራ ውለን፣ ደክመን፣ ራሳችንን እያዞረን እንኳ እስከ 9 ሰዓት የምንቆይ ብዙ ነን። እግዚአብሔር ድካማችንን ይቁጠርልን። ነገር ግን የሰፈሩ ሉካንዳ ተዘግቶ ሳለ በልባችን ውስጥ ያለው ሉካንዳ ክፍት ሆኖ ቢያመሽስ?

በጉባኤ ላይ ስም ሳይጻፍባቸው በብጣሽ ወረቀት ከሚመጡ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «የፍቅር ልብ ወለድ ማንበብ ጾም ያስገድፋል ወይ?» ጥያቄው አጭር ነው፤ ከጀርባው ያለው ግን ብዙ ነው። እስኪ ጠያቂዋን እናስባት። ቀኑን በጾም ትውላለች። ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ ስልኳን ይዛ ብርድ ልብሱ ውስጥ ትገባለች፤ የስልኩን ብርሃን ትቀንሳለች። «አንድ ምዕራፍ ብቻ» ብላ የጀመረችው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ያደርሳታል። ጠዋት የኪዳን ደወል ሲደወል አትሰማም፤ ብትሰማም የምትነሣበት ዐቅም የላትም። እሑድ እንደምንም ቅዳሴ ብትደርስ፣ ካህኑ ልባችንን ወደ ሰማይ እንድናነሣ ሲያዝ የእሷ ልብ ያለው ትናንት ባቆመችበት ገጽ ላይ ነው።

ይህን የምንጽፈው እንዲህ ያለችውን እኅት ለመውቀስ አይደለም። ቁጭ ብለን ልናነጋግራት ነው። ጠያቂው ወንድም ቢሆን ቃሉ ለእሱም ነው።

ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ማንበብን ትጠላለች?

አትጠላም። ይህን አስቀድመን እንናገር። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለወጣቶች በጻፈው ምክር የአረማውያንን የግሪክ ድርሰት ጭምር እንዴት ማንበብ እንደሚገባቸው አስተምሯል። ንብ አበባ ሁሉ ላይ እንደማታርፍ፣ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ብቻ ወስዳ ሌላውን እንደምትተው ሁሉ አንባቢም እንዲሁ እንዲያደርግ መክሯል። ልብ በሉ፤ አታንብቡ አላለም። ንብ ሁኑ ነው ያለው። ዝንብም ታርፋለች እኮ፤ የምታርፈው ግን ቁስል ላይ ነው።

ቤተ ክርስቲያን በፍቅርም አታፍርም። ያዕቆብ ስለ ራሔል ሰባት ዓመት ሲያገለግል ከመውደዱ የተነሣ ጥቂት ቀን እንደመሰለው ኦሪት ጽፋልናለች (ዘፍ. 29፥20)። መኃልየ መኃልይ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ተቆጥሮ ይነበባል። ሙሽሮች በተክሊል ሲጋቡ እንደ ንጉሥና እንደ ንግሥት አክሊል ይደፋሉ፤ መኝታቸውም ንጹሕ እንደሆነ ሐዋርያው መስክሯል (ዕብ. 13፥4)። ስለዚህ የምንናገረው ወንድና ሴት መዋደዳቸው የሚያሳፍር ሆኖ አይደለም። እንዲያውም በጣም የከበረ ነገር ስለሆነ ነው። የሚሰረቀው ወርቅ ነው፤ ጠጠርን ማን ይሰርቃል?

የትኛው መጽሐፍ ነው?

«የፍቅር ልብ ወለድ» የሚለው ስም ሰፊ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት አይገባም። እኛ የምንነጋገረው ስለ ሦስት ዐይነቶቹ ነው። አንደኛው በዘመናችን ሰዎች መካከል ያለውን ፍቅር የሚተርክ ሆኖ የመኝታ ቤትን ምሥጢር ገጽ በገጽ የሚዘረዝረው ነው። ሁለተኛው ሰው ካልሆነ ፍጡር ጋር የሚደረግ ፍቅር ነው፤ ደም መጣጩ ቫምፓየር፣ ተኩላ የሚሆነው ሰው፣ እንዲያም ሲል ጋኔኑ ራሱ አፍቃሪ ሆኖ ይቀርባል። ሦስተኛው «ዳርክ ሮማንስ» የሚባለው ነው፤ በዚህኛው ደግሞ አፍቃሪው ጠላፊ፣ አሳዳጅ ወይም ነፍሰ ገዳይ ነው። ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ተጽፈው በፒዲኤፍ፣ በዋትፓድና በቴሌግራም ይደርሱናል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚያድጉ ልጆቻችንማ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው እጅ ያገኟቸዋል።

ሦስቱ የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ዘመዳሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 «ትዋይላይት» የተባለው መጽሐፍ ታተመ፤ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ቫምፓየር ስታፈቅር የሚተርክ ነው። ይህን መጽሐፍ የወደደች አንዲት አንባቢ ከእነዚያው ገጸ ባሕርያት ተነሥታ የራሷን ታሪክ በኢንተርኔት ላይ መጻፍ ጀመረች። በኋላ ስሞቹን ለወጠችና እ.ኤ.አ. በ2011 «ፊፍቲ ሼድስ ኦፍ ግሬይ» በሚል ርእስ ወጣ። ቫምፓየሩ ቀርቶ በቦታው ሴትን ማሰርና መግረፍ የሚያስደስተው ባለጸጋ ገባ። ተከታታይ መጻሕፍቱም በዓለም ላይ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጡ። እንግዲህ አስተውሉ። ደም መጣጩ ጥርሱን አወለቀና ሱፍ ለበሰ እንጂ ጠባዩን አልለወጠም።

«እኔ እኮ ምንም አላደረግሁም»

ይህ ብዙ ጊዜ የሚሰማ መልስ ነው። «ማንንም አልበደልኩም፣ ከቤት አልወጣሁም፣ ዝም ብዬ ታሪክ ነው ያነበብኩት» እንላለን። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ኃጢአት በሦስት መንገድ እንደሚፈጸም ታስተምረናለች፤ በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር፤ በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት ማለት ነው። ጌታችንም በተራራው ስብከቱ ሴትን አይቶ የተመኘ ሰው በልቡ እንዳመነዘረ ተናግሯል (ማቴ. 5፥28)። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ያልጠራነው እንግዳ በራችንን ማንኳኳቱ ጥፋታችን አይደለም፤ ክፉ ሐሳብ ለቅዱሳንም ይመጣባቸው ነበር። በሩን ከፍተን፣ ወንበር ሰጥተን፣ ቡና አፍልተን፣ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን እስኪጠጣ ማጫወታችን ግን የራሳችን ሥራ ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ደግሞ ጥበቡ ሁሉ እንግዳው እንዳይሄድ ማድረግ ነው። ምዕራፉን የሚያቆመው ልባችን በጣም በጓጓበት ቦታ ላይ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በቁስጥንጥንያ ሳለ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያንን ትቶ ወደ ቴያትር ቤት በጎረፈ ጊዜ የገሠጸው በዚሁ ነበር። ቴያትሩ ቢያልቅም ያዩት ነገር በልባቸው ተስሎ አብሯቸው ቤት እንደሚገባ፣ ከዚያ በኋላ የገዛ ቤታቸውና ትዳራቸው እንደሚያስጠላቸው ነገራቸው። እኅቴ፣ ይህ ነገር በአንቺ ቤት አልደረሰም? የመጽሐፉ ሰው ስለ ቤት ኪራይ አይጨነቅም፤ አያንኮራፋም፤ ሁልጊዜ ልብሽን ያነብባል። ባልሽ ግን ታክሲ ተሰልፎ፣ ደክሞ፣ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ይገባል። የቀለም ባል ከሥጋ ባል ጋር ሲወዳደር ሁልጊዜ ያሸንፋል። የቀለሙ ባል ታምሞ አያውቅማ! አንቺም ስትታመሚ ተነሥቶ ውኃ አቀብሎሽ አያውቅም። ወንድሜ፣ አንተም በስልክህ ላይ ከምታነብባት ሴት ጋር ሚስትህን ስታወዳድር ያው ነህ። ገና ትዳር ያልያዛችሁም ብትሆኑ የሚመጣላችሁን ሰው ገና ሳታዩት በሌለ ሰው ሚዛን እየመዘናችሁት ነው።

እንግዲህ የብጣሽ ወረቀቷን ጥያቄ እንመልስ። ፍትሐ ነገሥታችን በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲያስተምር የጾም ዓላማ የሥጋ ምኞት ደክሞ ለነፍስ እንዲታዘዝ መሆኑን ይነግረናል። ቅዱስ ያሬድም በጾመ ድጓው ከሆድ ጋር ዐይንም፣ ጆሮም፣ አንደበትም እንዲጾሙ አስተምሮናል። ጾሙ ቀን የሚያደክመውን ምኞት መጽሐፉ ማታ የሚቀልበው ከሆነ፣ በአንድ እጁ ውኃ በሌላው እጁ ጋዝ ይዞ እሳት እንደሚያጠፋ ሰው ሆነናል። ይህ እንደ ቅቤ ጠብታ አይቶ የሚታለፍ አይደለም። ቅቤው የሚነካው የጾሙን ሥርዓት ነው፤ ይህኛው የሚነካው የጾሙን ዓላማ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ታሪኩን አያቋርጥም

«መጽሐፍ ቅዱስም ውስጥ እኮ እንዲህ ያለ ታሪክ አለ» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አለ። ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13ን እናንብብ። የዳዊት ልጅ አምኖን በአባት የምትገናኘውን እኅቱን ትዕማርን ወደደ። ከመውደዱም የተነሣ ታመመ፤ ከሳ። ኢዮናዳብ የሚባል ብልጣ ብልጥ ወዳጅ ዘዴ አሳየው። አምኖን የታመመ መስሎ ተኛና ትዕማር መጥታ በእጇ እንድታበላው ለመነ። መጣች፤ ጋገረችለት። እሱ ግን ሰዉን ሁሉ አስወጥቶ ያዛት። ለመነችው፤ ነውር መሆኑን ነገረችው። አልሰማትም።

አሁን አስቡት። ዳርክ ሮማንስ የሚባለው መጽሐፍ ይህን ታሪክ ቢያገኘው ምን ያደርገዋል? «እስኪታመም የወደዳት ሰው» ይለዋል። «እንቢ ብትልም ውስጧ ግን ይፈልገው ነበር» ይላል። በመጨረሻም ያጋባቸዋል። የእግዚአብሔር መጽሐፍ ግን እንዲህ አያደርግም። በዚያው ሰዓት አምኖን ቀድሞ ከወደዳት ይልቅ የጠላት ጥላቻ እንደበለጠ ይነግረናል። አሽከሩን ጠርቶ አስወጥቷት በሩን አስዘጋባት። ትዕማር በራሷ ላይ ዐመድ ነሰነሰች፤ ልብሷን ቀደደች፤ እየጮኸች ሄደች፤ በወንድሟ በአቤሴሎም ቤት ብቸኛ ሆና ተቀመጠች። መጽሐፍ ቅዱስ ከተዘጋው በር በስተ ውጭ ቆሞ የትዕማርን ልቅሶ ያሰማናል። ያኛው መጽሐፍ በሩን ከውስጥ ይዘጋና ልቅሶዋ እንዳይሰማን ያደርጋል። የሁለቱ ልዩነት ይኸው ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህን ታሪክ ከሩቅ አናውቀውም። ጠለፋን እናውቀዋለን። ከውኃ ስትመለስ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በፈረስ ተጭና የተወሰደች አያት ወይም አክስት ያለው ቤተሰብ ስንት ነው? በ1949 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊውን ካገባችው ክስ እንዳይቀርብበት ያደርግ ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን በ587ኛው አንቀጹ ጋብቻው ጠላፊውን ከቅጣት እንደማያድነው ደነገገ። እንግዲህ አያቶቻችን በእንባ ያሳለፉትን፣ ሕጉ እንኳ ወንጀል ነው ብሎ የዘጋውን በር፣ እኛ በመኝታችን ላይ ሆነን እያጓጓን ልናነብበው ይገባል? ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ በመጀመሪያ ገጻቸው ላይ ለአንባቢው ማስጠንቀቂያ ያትማሉ። ሻጩ ራሱ መርዝ መሆኑን በጠርሙሱ ላይ ጽፎ ሲሸጥልን እኛ ጣፋጭነቱን እንመሰክርለታለን።

ስለ ጋኔኑ አፍቃሪም አንድ ቃል እንበል። በየጠበሉ ቦታ «በሕልሜ የሚመጣብኝ አለ፣ ትዳር ከለከለኝ፣ ዓይነ ጥላ ያዘኝ» እያሉ የሚያለቅሱ እኅቶችን የማያውቅ የለም። ከዚህ እስራት ለመፈታት ሱባኤ ይገባሉ፤ በብርድ ጠበል ይጠመቃሉ። እነሱ በእንባ «ልቀቀኝ» የሚሉትን እኛ በገንዘባችን ገዝተን «ና» እንድንለው የሚያስተምር መጽሐፍ ምን ይባላል? ክፉ መንፈስ ሰውን አይወድም። ከጥንት ጀምሮ ነፍሰ ገዳይ እንደሆነ ጌታችን ነግሮናል (ዮሐ. 8፥44)።

ረኀቡ ግን እውነተኛ ነው

እዚህ ድረስ አንብባችሁ «አዎ፣ ግን እኔ ብቸኛ ነኝ» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ባል ያላት ግን የሚያነጋግራት የሌላት አለች። ዕድሜዋ እየሄደ ዘመድ «መቼ ነው?» እያለ የሚያስጨንቃት አለች። በዐረብ ሀገር በሰው ቤት ስትሠራ ውላ፣ ሌሊት በጠባብ ክፍሏ ውስጥ በገዛ ቋንቋዋ በስሟ የሚጠራት አንድ ሰው የናፈቃት አለች። ሰው እነዚህን መጻሕፍት የሚያነብበው ሁልጊዜ ባለጌ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው እንዲመርጠው፣ እንዲፈልገው፣ ስለ እሱ ብሎ እንዲደክም ስለሚመኝ ነው። ይህ ረኀብ ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር ራሱ ሲፈጥረን በውስጣችን ያኖረው ነው።

ሳምራዊቷን ሴት አስታውሱ (ዮሐ. 4)። በቀትር፣ በ6 ሰዓት፣ ሰው በሌለበት ብቻዋን ወደ ጉድጓዱ መጣች። አምስት ባሎች ነበሯት፤ ያን ጊዜ አብሯት ያለውም ባሏ አልነበረም። ጌታችን ስለ መጠማቷ አልተቆጣትም። ከዚያ ውኃ የሚጠጣ ዳግመኛ እንደሚጠማ ብቻ ነገራት። የእነዚህ መጻሕፍትም ጠባይ ይኸው ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ሲያልቅ ከእሱ የሚብስ ሦስተኛ ያስፈልጋል። ትናንት ያስደነገጠን ዛሬ ይሰለቸናል። ጌታ ግን ሕይወቷን ሁሉ ነገራት፤ አንዱንም አልደበቀላትም፤ ሆኖም አልናቃትም። ሙሉ በሙሉ ታውቆ መወደድ ማለት ይህ ነው። እሷም እንስራዋን ትታ ሄደች። እንስራውን ስበሪ አላላትም፤ የተሻለ ስላገኘች ራሷ ተወችው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለንስሐ አባታችን እንንገር። «ይህን ሲሰሙ ምን ይሉኛል?» ብለን አንፍራ፤ ካህን ከዚህ የሚበልጥ ብዙ ሰምቷል። ሳንናገር የቆየነው ነገር በጨለማ ያድጋል፤ ሲናገሩት ግን ግማሽ ኃይሉን ያጣል።

ሁለተኛ፣ ጾሙ ሳያልቅ ስልካችንን እናጽዳ። የጾሙ ሦስተኛ እሑድ ምኩራብ ይባላል፤ ጌታችን ከቤተ መቅደስ ሻጮችን ያስወጣበት፣ የገንዘብ ለዋጮችን ገበታ የገለበጠበት ነው። ፋይሉን ማጥፋት፣ ከቻናሉ መውጣት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። «በኋላ አንድ ቀን» ብለን ግን አንዱን እንኳ አናስቀር፤ ያ አንዱ ሌሎቹን ይጠራቸዋል።

ሦስተኛ፣ ቤቱን ባዶ አንተወው። ርኩስ መንፈስ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ቤቱን ተጠርጎ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ሰባት ሌሎች ይዞ እንደሚገባ ጌታችን አስተምሯል (ማቴ. 12፥43-45)። ማታ ያነብብንበት የነበረውን ሰዓት ለሌላ ንባብ እንስጠው። የዕለቱን ስንክሳር እናንብብ፤ ታሪክ ለሚወድ ሰው ከስንክሳር የበለጠ ታሪክ የት ይገኛል? የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ከዳዊቱ አንዱን ንጉሥ ጨምረን እንተኛ። ስልኩን ደግሞ ከአልጋው ራቅ አድርገን እናስቀምጠው። ባለ ትዳሮችም በዚያው ሰዓት እርስ በርስ ለመነጋገር ሞክሩ፤ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» «እንዴት ዋልክ?» ከማለት ይጀመራል።

አራተኛ፣ ጾሙ ካለፈ በኋላ ልብ ወለድ ስናነሣ ራሳችንን ሦስት ነገር እንጠይቅ። ይህን አንብቤ ስጨርስ መጸለይ እችላለሁ? አብሮኝ ያለውን ሰው የበለጠ እወደዋለሁ ወይስ ያንስብኛል? እናቴ ወይም ልጄ አጠገቤ ብትቀመጥ ገጹን እደብቃለሁ? ሐዋርያው እውነተኛውን፣ ንጹሑንና መልካም ወሬ ያለበትን እንድናስብ የመከረን (ፊልጵ. 4፥8) ለዚህ ነው።

ወላጆችም ስልኩን ነጥቃችሁ አትጩኹ። ልጃችሁ የምታነብበውን ጠይቋት፤ የትዕማርንም ታሪክ አብራችሁ አንብቡ። ከጩኸቱ ይልቅ ይህ ይሻላል።

ተስፋ አንቁረጥ

ፋይሉ ቢጠፋም ያነበብነው ወዲያው ከልብ አይጠፋም። በዚህ አንደንግጥ። ሚያዝያ 6 ቀን በስንክሳር የምትታሰበው ግብፃዊቷ ቅድስት ማርያም በእስክንድርያ በዝሙት ከኖረች በኋላ በእመቤታችን አማላጅነት ተመልሳ ዮርዳኖስን ተሻግራ በበረሃ 47 ዓመት ኖራለች። ለአባ ዘሲማስ እንደነገረችው በበረሃው የመጀመሪያዎቹን 17 ዓመታት ከምኞቷ ጋር ስትታገል አሳልፋለች፤ በዓለም ሳለች የለመደቻቸው የዝሙት ዘፈኖች እንኳ ወደ አፏ ይመጡባት ነበር። ያን ጊዜ በምድር ላይ ወድቃ ታለቅስ ነበር እንጂ ተመልሳ ዮርዳኖስን አልተሻገረችም። በኋላም ሰላም አገኘች። እሷን 17 ዓመት የታገላት ነገር እኛን ሁለት ሳምንት ቢታገለን «ጾሜ ከንቱ ሆነ» አንበል። ዛሬ ማታ ብንወድቅ ነገ ጠዋት እንነሣ፤ ለካህን እንንገር፤ እንቀጥል።

ዐይናችንን ከንቱ ነገር ከማየት የሚመልስ (መዝ. 118፥37)፣ የሳምራዊቷን ጥም ያረካ፣ የትዕማርን እንባ ያልረሳ አምላካችን ልባችንን ከሆዳችን ጋር ያስጹምልን። ጾመን፣ ነጽተን፣ ለብርሃነ ትንሣኤው እንድንደርስ የእመቤታችን ምልጃ፣ የቅዱሳን ጸሎት ይርዳን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር